ቀይ የተቀባው ባትሪ

መስከረም 4 ቀን 1976፣ ሐሙስ፣ ከጧቱ 1፡00

ዝናብ፦ 6 ሚ.ሜ. የዝናብ መለኪያው ጣሳ ውስጥ ዝንብ ሞታ አገኘሁ። አውጥቼ ለካሁ።

ጣቶቼን ዛሬም በላምባ ፈተግሁ። ቀዩ ቀለም ከጥፍሬ ሥር አልለቅ ብሏል። የአብዮቱ በዓል ካለፈ ሁለት ቀን ሆነው፤ ደባርቅ ግን ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። የቀበሌው አጥር ቀይ። የስልክ እንጨቱ ቀይ። የውሃ ቦኖው ቀይ። አንዲት በግ ግማሽ ጎኗ ቀይ ሆኖ ስታልፍ አየሁ። ተደግፋ ይሆናል፤ ወይም የበዓሉ ኮሚቴ ደርሶባት ይሆናል።

ደብተሬ፣ ትናንት ምንም ያልጻፍሁልህ ስላስጠላኝ ነው። ዛሬም ያስጠላኛል፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሳልጽፍ መተው ልማዴ አይደለም።

ትናንት ረፋድ ላይ የገበሬዎች ኅ/ሥራ ማኅበሩ ላንድሮቨር ተቃጠለ። ነበልባል አልነበረም፤ ጢስ ብቻ። በበዓሉ ዕለት ባትሪው ወጥቶ ለድምፅ ማጉያው ተወስዶ ነበር። ሾፌሩ ሙሉቀን መልሶ ሲገጥመው አንዴ ብልጭ አለ፤ ከዚያ ከዲናሞው በኩል የተቃጠለ ቀንድ የሚመስል ሽታ ወጣ። ማዳበሪያ ከዳባት የምታመጣ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ጎንደር የምታደርስ መኪና እሷ ብቻ ናት። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሙሉቀንን አሰሩት። ክሱ፦ የኢኮኖሚ አሻጥር።

ሙሉቀን ጎረቤቴ ነው። የክርስትና ልጄም ነው።

ሚስቱ እንጉዳይ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ። አላለቀሰችም። «አባባ፣ እርስዎ ሳይንስ ያስተማሩ ሰው ነዎት፤ ሄደው ይዩልኝ» ብቻ አለች። አያለሁ አልኋት። እጆቼን ከኋላዬ ደብቄ ነበር።

መስከረም 6፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡00

ዝናብ፦ 2 ሚ.ሜ.

የቀበሌው ሊ/መንበር ቤቴ ድረስ መጣ። ጓድ አስማረ። ሰባተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ማግኔት ብረትን የሚስበው ስለሚወደው ነው ብሎ በፈተና የጻፈ እሱ ነው። ዛሬ ሽጉጥ ታጥቆ መጥቶ ከመቀመጡ በፊት ወንበሬን በመሐረብ ጠረገ። ባለቤቴ አትጠገብ በየማለዳው የምትወለውለውን ወንበር! እሷም አየችው። ውሃ እንኳ አላቀረበችለትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማው ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው እኔ ነኝ። ስለዚህ መኪናውን መርምሬ የባለሙያ ማስረጃ እጽፋለሁ። ሰኞ መስከረም 22 ከጎንደር መርማሪ ይመጣል። ማስረጃው መጥፎ ከሆነ ሙሉቀንን ይዞት ይሄዳል። ማስረጃው ላይ «ሾፌሩ ሆን ብሎ» የሚል ቃል ቢገባ መልካም ነው አለኝ። ሳላይ አልጽፍም አልሁት። «ጋሼ፣ ድሮም ችኮ ነዎት!» ብሎ ሳቀ። ጥርሱ ላይ የጎመን ቅጠል ተለጥፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያንን ቅጠል እያየሁ ነው የሰማሁት።

አንድ ቁም ነገር ግን አስወጣሁት። መርማሪው ሳይመጣ መኪናዋ ከተነሳች ክስ የለም። ምን ጠፋና ይከሰሳል አለ። አስደገምሁት። እንደ ተማሪ ቆሞ ደገመልኝ።

መስከረም 7፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10፡00

ዝናብ፦ የለም።

ከቅዳሴ መልስ ወደ ማኅበሩ ግቢ። መኪናዋን ሦስት ሰዓት ሙሉ መረመርሁ።

ባትሪው ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። ሁለቱ ምሰሶዎችም ቀይ። የመደመር ምልክቱ በቀለሙ ሥር ተውጧል፤ በቢላ ፍቄ አገኘሁት። ሽቦዎቹ ተገልብጠው ነው የታሰሩት። መደመሩ መቀነስ ላይ፣ መቀነሱ መደመር ላይ። የመደመሩ ምሰሶ ወፈር ያለ ስለሆነ የመቀነሱ ማሰሪያ አልገባበትም። ሙሉቀን በድንጋይ መትቶ አስገብቶታል፤ የድንጋዩ ጠባሳ ማሰሪያው ላይ ይታያል። ይህ የሱ ጥፋት ነው። መዝግቤዋለሁ። አንድ ነገር አልገባም ሲል ለምን አልገባም ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ድንጋይ ያነሳል። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርሁት ይህንን ነበር?

ዲናሞውን ፈታሁ። ውስጡ ስድስት ዳዮዶች አሉ፤ የካፖርት ቁልፍ የሚያክሉ፣ በሁለት የጨረቃ ቅርጽ ባላቸው ሳህኖች ላይ ሦስት ሦስት ሆነው የተተከሉ። ሥራቸው ቀላል ነው። ኤሌክትሪክን በአንድ በኩል ያሳልፋሉ፣ በሌላው በኩል ይከለክላሉ። በሁለት የባትሪ ድንጋይና በአንድ የእጅ ባትሪ አምፑል አንድ በአንድ ፈተንኋቸው። አራቱ በሁለቱም በኩል ያበራሉ፤ ሞተዋል። አንዱ በየትም በኩል አያበራም፤ ሞቷል። አንድ ደኅና አለ፣ ከመቀነሱ ሳህን። ሌላው ዕቃ በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፏል።

አምስት ዳዮድ ያስፈልገኛል። ዘበኛው ቆሞ ሲያየኝ ቆየና ከዚህ ሁሉ ብረት መሐል ይቺ ቁልፍ ናት እንዴ መኪናዋን የገደለቻት ብሎ ጠየቀኝ። እሷ አልገደለችም፣ እሷን ነው የገደሏት አልሁት። ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርሁትም።

መስከረም 8፣ ሰኞ፣ ከጧቱ 2፡00

ዝናብ፦ የለም። ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ።

ደብተሬ፣ ላንተ ካልጻፍሁ ለማን እጽፋለሁ።

የበዓሉ ማስጌጫ ኮሚቴ ጸሐፊ እኔ ነኝ። የጽሕፈቴ ውበት ነው ያስመረጠኝ። ጳጉሜ 4 ቀን ተሰበሰብን። አስማረ ጥቁር ሣጥን በአብዮት መድረክ ላይ ሐዘን ይመስላል አለ። ድምፅ ማጉያው ያለ ባትሪ አይናገርም። ስለዚህ ተወሰነ፤ ቃሉ የኔ ነው፣ እጁም የኔ ነው፦ «በመድረኩ ላይ የሚቀመጡ ዕቃዎች በሙሉ፣ ባትሪውን ጨምሮ፣ ቀይ እንዲቀቡ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ባትሪውን የሚቀቡት፦ ጸሐፊው።»

ሙሉ ድምፅ ሲባል የኔም እጅ ወጥቷል። ምልክቱ ይጠፋል ብል የሚሉኝን አውቀዋለሁ። ጋሼ ደግሞ ክፍል ገቡ ይሉኛል። ሲሥቁብኝ መስማት ሰልችቶኝ ነበር። ቀባሁት። እጄ ጥንቁቅ ስለሆነ አንዲት ቦታ እንኳ አልዘለልሁም። በመደመር ምልክቱ ላይ ብሩሹን ሁለት ጊዜ መልሻለሁ። በልቤ ለሙሉቀን እነግረዋለሁ አልሁ። በበዓሉ ዕለት ጩኸቱ በዛብኝና ሳላገኘው ወደ ቤቴ ሄድሁ።

የቃለ ጉባኤው መዝገብ መደርደሪያዬ ላይ ነው። ገጽ 14። አስማረ መኖሩን የረሳው ይመስለኛል። እኔ አልረሳሁም። ጀርባውን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ።

መኪናዋ ከተነሳች ማንም ገጽ 14ን አይገልጥም። አምስት ዳዮድ።

መስከረም 10፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡00

ዝናብ፦ 3 ሚ.ሜ. ያልተጠበቀ።

የጎንደሩ አውቶቡስ ሾፌር ከጋራዦች መልስ አመጣልኝ። ዕቃው ጎንደር የለም። ከአዲስ አበባ በማመልከቻ ይታዘዛል። ማመልከቻው በቀበሌው ሊ/መንበር ይፈረማል። ቢፋጠን አራት ወር። ሳቅሁ። አትጠገብ ከጓዳ ወጥታ ምን ሆንህ አለችኝ።

ለሙሉቀን ምሳ ወሰድሁለት። ያሰሩት በድሮው የእህል መጋዘን ውስጥ ነው፤ ነቀዝ በግድግዳው ላይ ይሄዳል፣ ሰባት ሰዎች በአንድ ባልዲ ይጠቀማሉ። ሽታው ልብሴን አልለቀቀም። እሱ ግን ይስቃል። «አባባ፣ መደመርና መቀነስ ድሮም አልሆነልኝም፤ እርስዎ ያውቃሉ!» ይላል። ለምን በድንጋይ መታኸው አልሁት። አንገቱን ደፋ። ቀዩን ሁሉ ሳይ ግራ ገባኝ፣ ማንን እጠይቃለሁ፣ ስጠይቅ ሾፌር ሆነህ አታውቅም ወይ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ አለ።

እሱም ሳቅ ፈርቶ ነው። እሱ መጠየቁን ተወ፣ እኔ መናገሩን። ይህን አልነገርሁትም። እንጀራውን አጣጥፌ አቀበልሁትና ወጣሁ። ራሴን ተጸየፍሁት።

መስከረም 12፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 11፡30

ዝናብ፦ የለም።

ጉልበቴ አብጧል። ሊማሊሞን በእግሬ ወርጄ በእግሬ ወጣሁ። ከሦስተኛው መጠምዘዣ በታች አምና ገደል የገባ ከባድ መኪና አለ። ከሱ ዲናሞ ዳዮድ ይገኛል ብዬ ነበር።

መኪና የለም። አጽም ነው ያለው። ገበሬው ሁሉን ወስዶታል። ጎማው ጫማ ሆኗል። በኤሌክትሪክ ሽቦው ሞፈርና ቀንበር አስሮበታል። የሾፌሩ በር የጥጃ ጋጣ በር ሆኖ፣ መስታወቱ እንኳ ሳይሰበር፣ ጥጃው በመስኮት ያየኛል። የቤቱ ባለቤት አቶ አዱኛ በኩራት አስጎበኘኝ። ይህ ሁሉ የመንግሥት ንብረት አይደለም ወይ አልሁት። «ከላይ የወረደ ነው፣ አባባ። ከላይ የወረደ የማን ነው?» አለኝና ጠላ ቀዳልኝ።

ዲናሞው ተገኘ፤ የበሩ መደገፊያ ድንጋይ ሆኖ። ከፈትሁት። ሁለቱ የጨረቃ ሳህኖች የሉም። ተነቅለዋል። አቶ አዱኛ ብሩን ነው የሚሉት አለ። ብሩንማ ለነፍስ አባቴ ለቄስ ፈንታ ሰጠሁ፣ በቅሎአቸው በደረቷ አጥልቃዋለች አለኝ።

ስድስት ዳዮድ በበቅሎ ደረት ላይ። ሽቅብ ስወጣ ሦስቴ ቆሜ ተነፈስሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስለዚህ አሰብሁ።

መስከረም 16፣ ማክሰኞ፣ ደመራ፣ ከቀኑ 12፡00

ዝናብ፦ የለም።

ካህናቱ ከየደብሩ ወጥተዋል። ቄስ ፈንታን በበቅሎአቸው ለየኋቸው። ቀይ ከፋይ ለብሳለች፤ በደረቷ ላይ ሁለት ጨረቃዎች፣ በየጨረቃው ሦስት ቁልፍ፣ በአመድ ተወልውለው ያበራሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከደመራው ይልቅ እነሱን አየሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጠጋ አልሁ፤ መስቀል ተሳለምሁ።

«አባ፣ ያ በበቅሎዋ ደረት ያለው ዕቃ ይፈለጋል።»

«ብር ነው፣ መምህር።»

«ብር አይደለም አባ፤ የመኪና ዕቃ ነው። የተሠራውም ከአሉሚኒየም ነው።»

«ብር ካልሆነ ምን ያደርግልዎታል?»

«መኪና ያስነሣል።»

«በቅሎዬንስ ምን ያስነሣታል?»

አጠገባችን የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ሳቃቸው ነገሩን አባባሰው፤ ቄሱ በሰው ፊት ብራቸውን አሉሚኒየም ያደረግሁባቸው መሰላቸው። የሰው እስር እንዳለበት ነገርኋቸው። አመኑኝ። ግን በቅሎዬን በመስቀል ባዶ ደረት አላስኬዳትም አሉ። በዚሁ ልክ የሚያበራ ካመጡ እንነጋገራለን አሉኝ።

የእግዚአብሔር አገልጋይ፣ ሰው ታስሮ እያለ፣ ስለ በቅሎ ደረት። ደግሞ ማን ነኝ እኔ የምፈርድ።

መስከረም 18፣ ሐሙስ፣ ከጧቱ 4፡00

ዝናብ፦ የለም።

ቃጭሌን ሰጠሁ።

ጡረታ ስወጣ ት/ቤቱ የሸኘኝ በነሐስ ቃጭል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ለዕረፍትና ለመግቢያ የደወልሁት ያው ቃጭል። አትጠገብ በየሳምንቱ ትወለውለዋለች። ስወስደው አንዴ ብቻ በጣቷ ነካችውና እንዳይጮኽ ምላሱን ያዘች።

ቄስ ፈንታ ደስ አላቸው። እዚያው በበቅሎዋ አንገት አሰሩት። ቃጭሉ ጮኸ፤ በቅሎዋ ጭራዋን አነሣችና የሚገባውን መልስ ሰጠች። ቄሱ በረከት ነው አሉ። ሳህኖቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ተሰናበትሁ።

ቤት ስደርስ ወዲያው ፈተና። አምፑልና ሁለት የባትሪ ድንጋይ። ከመደመሩ ሳህን፦ አንድ ደኅና፣ ሁለት ደኅና፣ ሦስት ደኅና። ከመቀነሱ፦ ደኅና፣ ደኅና፣ ሦስተኛው ሞቷል። የኛው ደኅና የመቀነስ ነው። ስድስት!

አትጠገብን ጠርቼ አሳየኋት። አምፑሉን በአንድ በኩል አበራሁ፣ ገልብጬ አጠፋሁ። ሰውንም እንዲህ ማወቅ ቢቻል ጥሩ ነበር አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

መስከረም 20፣ ቅዳሜ፣ ከጧቱ 5፡00

ዝናብ፦ የለም።

ተነሣች!

ትናንት ቀኑን ሙሉ ከአንጥረኛው ከአቶ በላይነህ ጋር ነበርሁ። እሱ የመዳብ መበየጃውን በከሰል ያግላል፣ እኔ ሽቦውን እይዛለሁ፣ በቀለጠ ስታኞ ያጣብቃል። የከባዱ መኪና ሳህኖች በዲናሞው ውስጥ አልገቡም። እኔ ድንጋይ አላነሣሁም። በወይራ ቁራጭ ላይ ቸንክሬ ከዲናሞው ውጭ ሰቀልኋቸውና ሽቦ አረዘምሁላቸው። አቶ በላይነህ ዐርባ ዓመት ጌጥ ሠርቻለሁ፣ ጌጥ መልሼ ዕቃ ሳደርግ ግን ይህ መጀመሪያዬ ነው አለ። ይህን ሰው በከተማው ቡዳ ነው ይሉታል፤ እጁን አይጨብጡትም። ከዚህ ከተማ ንጹሕ እጅ ያየሁት የሱን ብቻ ነው።

የባትሪውን ቀለም በሙሉ ፋቅሁ። ምልክቱ ወጣ። ዛሬ ጧት ገጠምሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ በሦስተኛው ሞተሩ ተነሣ። መብራቱ ሞተሩ ሲፈጥን ይደምቃል፤ ዲናሞው ይሠራል ማለት ነው። ዘበኛው አጨበጨበ። እንጉዳይ ከአጥር ውጭ ቆማ ነበር፤ ድምፁን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

ወደ ሊ/መንበሩ ልሄድ ነው። የገባው ቃል አለ።

ያው ቀን፣ ከቀኑ 10፡00

ጽሕፈቴን ይቅር በል።

አስማረ ደስ አለው። ተነሥቶ አቀፈኝ። ሽቶና ላብ። ከዚያ አዲስ ጨርቅ አስወጣና አሳየኝ፤ ጽሑፉ አልደረቀም። «የአሻጥረኞች ሴራ በቀበሌያችን ጥረት ከሸፈ!» መርማሪው ሲመጣ መኪናዋ ይህን ለብሳ ትቆማለች።

ሙሉቀንስ አልሁ። ይጠብቃል አለ። መኪናዋ ከተነሣች ክስ የለም ብለህ ሁለት ጊዜ ነግረኸኛል አልሁት። እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ እስቲ ያስቡት። አሻጥረኛ ከሌለ ከሸፈ የምንለው ምኑን ነው?»

ሰባተኛ ክፍል ሳለ እንደዚህ አጥርቶ አስቦ አያውቅም ነበር።

ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። መዝገቡን አልረሳውም። ገጽ 14 ተበላሽቷል፣ ቀለም ፈሶበታል እንበል፤ በዚያ ባማረ ጽሕፈትዎ ገጹን እንደገና ይገልብጡልኝ፣ ስለ ባትሪው ያለውን ይዝለሉት አለ። «ይህን የማደርገው ለእርስዎም ብዬ ነው፣ ጋሼ። ማን እንደቀባው አውቃለሁ።» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የሱ ሰው አደረገኝ። በሕይወቴ እንደዚያ መዳፍ ያስጸየፈኝ ነገር የለም።

መዳፉን ከላዬ አላነሣሁትም። እሺም እንቢም አላልሁም። እስከ እሑድ ማታ ጊዜ ሰጠኝ።

መስከረም 21፣ እሑድ፣ ማርያም፣ ከምሽቱ 1፡00

ዝናብ፦ የለም። ሁለት ጊዜ ለካሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ መዝገቡን አወጣሁ። ብዕር ቀረጽሁ። አዲስ ገጽ። «በመድረኩ ላይ የሚቀመጡ ዕቃዎች በሙሉ» ብዬ ጻፍሁ። ቆንጆ ጽሕፈት። መስመር የጠበቀ። ብዕሬን አነሣሁ። ከ«በሙሉ» በኋላ ያለው ባዶ ቦታ የባትሪው ቦታ ነው። ልክ እንደ ብሩሹ ነው ደብተሬ፤ አንድ ጊዜ በላዩ ላይ ካለፍሁ ምልክቱ አይታይም፣ ከዚያ ሌላ ሰው ይቃጠላል።

እነዚህን ሁለት ሳምንታት አየኋቸው። ሊማሊሞ፣ በቅሎዋ፣ ቃጭሉ፣ ስታኞው። ለሙሉቀን ብዬ የወጣሁት የወረድሁት መስሎኝ ነበር። ይህን አንድ ገጽ ላለመግለጥ ነው የዞርሁት። ስድስት ዳዮድ ከመፈለግ አንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ይቀል ነበር፤ መስከረም 3 ቀን፣ ጢሱ ገና ሳይበተን።

አዲሱን ገጽ ቀደድሁት። የአስማረ መልእክተኛ 11 ሰዓት ላይ መጣ። መዝገቡ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው፣ ቀለም አልፈሰሰበትም በልልኝ አልሁት።

እንጉዳይ በአጥሩ ቀዳዳ ነገ ይፈቱታል አይደል አለችኝ። ባትሪውን የቀባሁት እኔ ነኝ አልኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ተናገርሁት። «ያን ቀን እጅዎን የደበቁት ለዚህ ነበር?» አለች። አዎ አልሁ። ቀዳዳውን በሣር ደፍና ሄደች።

መስከረም 22፣ ሰኞ፣ ከጧቱ 1፡30

ዝናብ፦ ከ1 ሚ.ሜ. በታች። ሌሊት ካፊያ ነበር።

ማስረጃው ተጽፎ አለቀ። ሁለት ገጽ ሙሉ። የመኪናዋ ሁኔታ፣ የተቃጠሉት ዳዮዶች፣ የጥገናው አካሄድ። የሙሉቀንን ድንጋይ አልዘለልሁም፤ አለማወቅና መቸኮል ብዬ ጽፌዋለሁ፣ እውነቱ ያ ነውና። ጥቁር ሣጥን ሐዘን ይመስላል ያለውን አልዘለልሁም። የኮሚቴውን ሙሉ ድምፅ አልዘለልሁም። «ሆን ብሎ» የሚለውን ቃል ሊ/መንበሩ እንደጠየቀኝ አስገብቼዋለሁ፤ አንድ ቦታ ብቻ፦ ጸሐፊው ምልክቱ እንደሚጠፋ እያወቀ ሆን ብሎ ዝም አለ በሚለው ላይ። ከሥሩ ፈረምሁ። ገጽ 14 ላይ ክር አስገብቻለሁ፤ መርማሪው ሳይፈልግ እንዲያገኘው።

መርማሪው 3 ሰዓት ላይ ይቀመጣል። መዝገቡን ለአስማረ አልሰጥም፤ ለመርማሪው በገዛ እጄ።

ካፖርቴን ለብሻለሁ። ስንቅ ለሁለት ቀን ይዤአለሁ፤ ያንን ባልዲ አስቤ ፎጣም ጨመርሁ። ጥፍሬ ሥር ያለው ቀይ አልለቀቀም። ይታይ።

አትጠገብን ወደ ጣሳው ወሰድኋት። መሠረተ ትምህርት የተማረችው ለዚህ ቀን ይሁን ብዬ የመለኪያውን ዘንግ እንዴት እንደሚነበብ አሳየኋት። ቀጥ አድርገሽ አስገቢ፣ የረጠበበትን ጠርዝ አንብቢ፣ ዝንብ ካለ አስቀድመሽ አውጪ። አነበበች። አልተሳሳተችም።

ስንት ቀን ነው የምመዘግበው አለችኝ። ቁጥር አልነገርኋትም። ያልለካሁትን አልጽፍም።

ደብተሬ፣ ጣሳው አጠገብ አስቀምጬህ እሄዳለሁ። ብዕሩ ውስጥህ ነው።